ሆዴ ላይ የተደረገው ምልክት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ አሶሳ

ሐሙስ ቀዶ ሕክምና እገባለሁ። አንጀቴ ላይ የወጣው ዕጢ ከያዘው የአንጀት ክፍል ጋር ተቆርጦ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ሰገራዬ በግራ ሆዴ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ወደ ከረጢት ይወርዳል። ዶክተሩ ዕድሜ ልክ ነው ብሎኛል። ለባለቤቴ ለራምላ ግን "ቀላል ኦፕራሲዮን ነው" ብዬ ነው የነገርኳት።

ጠዋት ሆስፒታል ነርሷ ቀዳዳው በሚከፈትበት ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አደረገች። አስቆመችኝ፣ አስቀመጠችኝ፣ ሱሪዬን የት ላይ እንደምታጠቅ ጠየቀችኝ።

"ስሰግድስ?" አልኳት። ይህን ለመጠየቅ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

"እስቲ እዚሁ ሰግደው ያሳዩኝ፣ ጋሼ" አለችና ንጹሕ አንሶላ ወለሉ ላይ አነጠፈችልኝ። ጀለቢያዬን ገልቤ አጎነበስኩ፤ ግንባሬንም መሬት አስነካሁ። እሷም አጠገቤ ተንበርክካ ቆዳዬ የሚታጠፍበትን አየች። የመጀመሪያውን ምልክት በአልኮል ጠርጋ ከፍ ብሎ ባለ ቦታ ላይ ሌላ አደረገች። ለመለማመጃም አንድ ከረጢት ሰጠችኝና "ውኃ ጨምረው፣ ምልክቱ ላይ ለጥፈውት ይዋሉ" አለችኝ።

ቤት ስገባ ከረጢቱ ከጀለቢያዬ ሥር ነበር። ራምላ ኦቾሎኒ እየፈለፈለች ቀና ብላ አየችኝ።

"ምን ሆነህ ነው ጎብጠህ የምትሄደው?"

ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና ኦቾሎኒውን ወደ ጎን ገፋች።

"ሐሙስን ብቻህን ልትወጣው ነበር?" አለችኝ።

እጇን ታጥባ መጣችና "ከረጢቱ እንዴት እንደሚነሳ አሳየኝ" አለች። ጀለቢያዬን ገለብኩ። አፍሬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ እጇን ግን አልከለከልኩም።