ለትርንጎ ስድስት

ማክሰኞ፣ ከት/ቤት መልስ

ዛሬም አራት ፊልም። ሁሉም በስልክ የተቀረጹ፣ ሁሉም አጫጭር። አንዱ ላይ ሰውየው ሊሞት ሲያጣጥር የቀራጩ ጣት ስክሪኑን ግማሽ ይሸፍነዋል። የተማሪ ድርሰት ሳይታረም ተከምሮ እኔ ጣት አያለሁ።

ማስታወሻዬ፣ ወድጄ የገባሁበት አይደለም። ጋሽ ጥላሁን ሆቴላቸው እንግዳ አጥቶ አዳራሹ ባዶውን ቢከርምባቸው ለከተማው ወጣቶች የፊልም ውድድር አሰቡ። አሸናፊው ደሴ ሄዶ ሙያውን ይማራል። ዳኞቹ እሳቸው፣ አስጎብኚው ካሳ፣ እና የአማርኛ መምህርት ስለሆንኩ «ታሪክ ታውቃለች» የተባልኩት እኔ።

ትርንጎም ገብታበታለች። ታናሽ እህቴ። ሳትነግረኝ። ነገ ከዳኝነቱ እወጣለሁ።

ረቡዕ፣ ምሳ ሰዓት

አልወጣሁም። ጋሽ ጥላሁን ምክንያቴን እስከ መጨረሻው አዳመጡና፣ «ካሳ የተወዳዳሪው የሙሉቀን ያጎት ልጅ ነው። እኔ ለግማሾቹ ክርስትና አባት ነኝ። ላሊበላ ውስጥ ከማንም የማይዛመድ ዳኛ ካወቅሽ አምጪልኝ» አሉ።

የሚያናድደው እውነታቸውን መሆኑ ነው።

ሐሙስ፣ ማታ

የትርንጎን አየሁ። አይቼ ደገምኩት።

እማዬ ናት። ከማረፏ በፊት በነበረው ዓመት፣ ቅዳሜ ገበያ ማር ይዛ ስትሄድ። ትርንጎ እየተከተለች በስልኳ ቀርጻታለች። እማዬ ከቤት ልትወጣ ስትል «ነጠላዬን ማን ወሰደው?» እያለች ትዞራለች። ነጠላው ትከሻዋ ላይ ነው። ትርንጎ ሳቋ መጥቶባት ስልኩ ይንቀጠቀጣል። እማዬ ዞራ ታያታለች፣ ምን ያስቅሻል ትላለች፣ ከዚያ ራሷም ይገባትና ትስቃለች።

አለቀስኩ። በደንብ። ከዚህ በላይ የምወደው ፊልም የለም፣ አይኖርምም።

ከዚያ ፊቴን ታጥቤ የዳኛ ወረቀቴን አወጣሁ። ገበያው ላይ ነፋሱ ግማሹን ንግግር ውጦታል። የማሩ ክርክር አያልቅም። መጨረሻ የለውም፤ ባትሪ ስላለቀ ብቻ ይቆማል። እናቷን ለማያውቅ ሰው ምን ይሆናል? አንዲት ሴት ማር ትሸጣለች።

ስድስት።

ጽፌ ሰረዝኩ። መልሼ ጻፍኩ።

ዓርብ

የሙሉቀንን ዛሬ አየሁ። መጥፎ እንዲሆን ጸልዬ ነበር ብል አልዋሽም። የእማዬ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ነው። ቤቱ ከቤታችን የድንጋይ ውርወራ፤ ሠልስትም አልመጣ፣ ዐርባም አልመጣ። መንገድ ላይ ሲያገኘን ሰላምታው እንኳ ከፊል ነው።

ፊልሙ ግን። አንድ ባለ በቅሎ አሸተን ማርያም መውጫው ሥር ኮርቻ ጭኖ ቱሪስት ይጠብቃል። ማንም አይመጣም። ሲረፍድ ባዶዋን በቅሎ እየሳበ ራሱ ዳገቱን ይወጣል። አይቀመጥባትም። ለምን እንደማይቀመጥ ማንም አይናገርም፣ ግን ይገባሃል። እያንዳንዱ የኮቴ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ከሚያስፈልገው አንድም አልጎደለ፣ አንድም አልተረፈ።

አልወደድኩትም። ሰውየውን እያሰብኩ እንዴት ልወደው። ዘጠኝ ሰጠሁት። እጄን ልቆርጠው ምንም አልቀረኝም።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ስብሰባ። ጋሽ ጥላሁን ለሁሉም ስምንት። ማንም እንዳይቀየማቸው። ጣት ለታየበትም ስምንት! ካሳ ደግሞ ለትርንጎ ዐሥር፣ ለገዛ ያጎቱ ልጅ ስምንት። ለምን ብለው «ያንዱ አስለቀሰኝ፣ ያንዱ አላስለቀሰኝም»። ማልቀስ መለኪያ ከሆነ ሽንኩርት ይሸለም አልኩ። ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ተደመረ። ሙሉቀን በአንድ ነጥብ አለፈ።

እሑድ

ውጤቱ አዳራሹ ውስጥ ተነገረ። ድምሩ ብቻ ይነገር ብዬ ለምኜ ነበር። ጋሽ ጥላሁን ግልጽነት ይበጃል ብለው የእያንዳንዱን ዳኛ ነጥብ በስም አነበቡ። «መምህርት ዘውዴ፣ ለትርንጎ፣ ስድስት።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ትርንጎ አላየችኝም።

ማክሰኞ

ቤቷ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆማ፣ ግቢ ሳትል፣

«አልወደድሽውም ማለት ነው።»

ከሁሉም አብልጬ እንደምወደው ነገርኳት።

«ታዲያ ስድስት ምንድነው?»

ነጥቡ የፍቅሬ ልክ አይደለም አልኩ። ለማስረዳት ሞከርኩ። ክፍል ውስጥ ለሠላሳ ተማሪ የማስረዳው ነገር ለአንዲት እህቴ አልወጣ አለኝ።

«ካሳ ባዳ ሆኖ ዐሥር ሰጠኝ። አንቺ እናትሽን እያየሽ…» ብላ አልጨረሰችውም። «ደህና ዋይ፣ ዳኛዋ» አለችና ዘጋችው። እትዬ ትለኝ የነበረች ልጅ።

ዓርብ

አክስቴ ከገነተ ማርያም ድረስ ለዚሁ ወርዳ መጣች። ለእህትሽ ሰባት ብትሰጪ ምን ትሆኚ ነበር ትለኛለች። ሰባት ስምንት ይሆናል፣ ስምንት ዘጠኝ፣ ከዚያ ጋሽ ጥላሁንን ሆንኩ ማለት ነው አልኳት። «እሱ ምን አለበት፣ ከሁሉም ጋር ይነጋገራል» አለች።

ደከመኝ፣ ማስታወሻዬ። ሁሉም ዘመድነቴን ይጠይቀኛል። ፊልሙን የጠየቀኝ የለም።

እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ

ትርንጎ መጣች። ነጠላዋን ሳታወርድ ተቀመጠች።

«አራቱ የት ሄዱ?»

ነገርኳት። ነፋሱን። ክርክሩን። መጨረሻውን። በእያንዳንዱ ተከራከረችኝ፤ ነፋሱ የላስታ ነፋስ ነው፣ ምን ላድርገው አለች። የሙሉቀንም ዳገት ላይ ነፋስ ነበረ አልኳት።

ከዚያ፣ «የነጠላውስ?»

ይኸን እንዳትጠይቀኝ ፈርቼ ነበር። ታሪኩ ገበያው ነው፤ የነጠላው ቦታ ያስቆመዋል።

«ይውጣ» አልኳት።

«ስታለቅሺበት በዓይኔ ይታየኛል እኮ።»

«እኔ ነኛ የማለቅሰው። ሌላው ሰው እማዬን አያውቃትም።»

ተናደደች ብዬ ስጠብቅ ዓይኗን ጠረገችና፣ ቀረጻውን ስትጀምር ለሰው ማሳየት እንዳላሰበች ነገረችኝ። እማዬ ሳል ጀምሯት ነበር። እንዳይጠፋ ብላ ነው።

ሐሙስ

ትርንጎ አዲስ ቅጂ ላከችልኝ። አሳጥራዋለች። ነጠላው የለም። እማዬ በቀጥታ መንገድ ላይ ናት፣ ማሩን ታቅፋ። ነጠላዋን በዓይኔ ፈለግኩ፤ ፊልሙ ግን ተሻለ። ምንኛ ያስጠላል።

ነፋሱ ግን እዚያው አለ። በስልኳ የምትችለውን ሁሉ ሞክራ አልተሳካላትም። ይኸን የሚያውቅ ማን አለ ብላ ጠየቀችኝ። ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ስሙን ግን ማናችንም አላነሳንም።

ዓርብ፣ ጠዋት

ሙሉቀን ሰኞ ወደ ደሴ ይሄዳል። ከዚያ በፊት ነገ ቤቱ እንሄዳለን። እኔ እቀድማለሁ፣ ትርንጎ ትከተለኛለች። አልወደውም። ቢያቀርብልኝም ምንም አልቀምስለትም፣ ስለ ለቅሶውም ሳልነግረው አልመለስም። ግን ድምፅ ያውቃል፤ ያሳያት።