ጠብታው ያበቃበት

እሑድ፣ ጥቅምት 16 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 1 ሰ.

ከሞተሩ ሥር ያስቀመጥኩት የሰርዲን ቆርቆሮ ዛሬም ሞልቶ አደረ። ዘይቱን በፋሻ አጥልዬ መልሼ ቀዳሁለት። ሦስተኛ ሳምንቴ። ደብተሬ፣ ሰልችቶሃል፤ አውቃለሁ። እኔንም ሰልችቶኛል። ጣሊያን ጥሎት የሄደ ሞተር ሳይክል ነው፤ ሽማግሌው እለዋለሁ፤ ዕድሜው ከእኔ ሳይበልጥ አይቀርም። የመጋጠሚያውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ከበሬ ቆዳ ቆርጬ ሠራሁለት። ሙቀት ሲያገኘው ተጨማደደ። ያንጠባጥባል።

ከቀኑ 9 ሰ.

አገኘኋት። ከሞተሩ ሆድ ላይ አንዲት ቀጭን ቀዳዳ አለች፤ ዘይቱን የሚተፋው በእሷ ነው። እንጨት ጠርቤ ወተፍኳት፤ በጧፍ ሰም አሸግኳት፤ ከላይ ፕላስተር ለጠፍኩባት። የሐኪም ቤት ድሬሰር ነኝ፤ የሚደማ ነገር ማሸግ ሥራዬ ነው። ሞተሩን አስነስቼ ትንሽ ጠበቅኩ። ጠብ የሚል የለም። ብቻዬን ሳቅሁ።

ሰኞ፣ ጥቅ. 17፣ ከምሽቱ 1 ሰ.

ጠዋት ከቆቦ ወጥቼ ዞብል ተራራ ሥር ያለው መንደር በሰላም ደረስኩ፤ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ። የወባው ነገር አያድርስ ነው። በየቤቱ ሰው ተኝቷል። የሙሄ ሚስት ሰዒዳ ከሁሉም ትብሳለች። የሰባት ወር እርጉዝ ናት፤ ትቃዣለች። እሷ ዘንድ ስደርስ ኪኒኑ ሊያልቅ ሆነ፤ የደረሳት የሁለት ቀን ብቻ። ቀሪውን ረቡዕ ይዤ እመጣለሁ አልኩ። ሙሄ እጄን ይዞ አብሽር አለኝ። እኔ ላጽናናው ሲገባ እሱ አጽናናኝ።

ስመለስ፣ ገና ከመንደሩ ሳልርቅ ዘይቱ በየመጋጠሚያው ፈነዳ። ሱሪዬ፣ ጫማዬ፣ መንገዱ ጥቁር በጥቁር። ጎሊና ወንዝ ዳር፣ ቁርቁራው ዛፍ ሥር ስደርስ ዘይቱ አለቀ፤ አንዲት ጠብታ አልቀረችም። ያለ ዘይት ከነዳሁት ሞተሩ ተጣብቆ ይነክሳል፤ አጠፋሁት። ከዚያ እስከ ቆቦ በአሸዋ ገፋሁት። አምላኬ፣ ምን በድዬህ ነው?

ማክሰኞ፣ ጥቅ. 18፣ ከቀኑ 8 ሰ.

የከባድ መኪና ሾፌሩ ተስፋይ ለምሳ ቆሞ ሽማግሌውን አየልኝ። ፕላስተሩን ሲልጥ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ያቺ ቀዳዳ የሞተሩ መተንፈሻ ናት አለ፤ ስትደፈን የታመቀው አየር ነው ዘይቱን በየስንጥቁ ገፍቶ ያወጣው።

«ዶክተር፣ ሰውንም አፍና አፍንጫውን ደፍነህ ነው የምታክመው?»

ሳቅሁለት። ሽማግሌው ምንም አላጠፋም፤ ያፈንኩት እኔ ነኝ። ጓርኒሲዮኑን በወፍራም ካርቶን ቀየረልኝ፤ ቡሎኑን አጠበቀ። የሞተር ዘይት ግን ቆቦ የለም፤ እሱም ትርፍ አልያዘም። ነገ ረፋድ ከደሴ ስመለስ አመጣልሃለሁ ብሎ ሄደ። ኪኒኑን ከሐኪም ቤት ወስጄ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። የቀረው ዘይት ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅ. 19፣ 6 ሰ.

ተስፋይ የለም። መንገድ ዳር ተቀምጫለሁ። ከደሴ በሚያመጣው በጎብዬ በኩል አቧራ በተነሳ ቁጥር እነሳለሁ።

8 ሰ.

አውቶቡስ ነው።

10 ሰ.

የሰዒዳ ኪኒን ትናንት አልቋል። በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ጠዋት ብነሳ እስካሁን ደርሼ ነበር። ለምን አልተነሳሁም? ሞተር የለመደ እግር ሰነፍ ነው። ደግሞ፣ ለአንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ፣ በሞተር የሚያውቁኝ ሰዎች በእግሬ ስገባ እንዳያዩኝ አፈርኩ። ሰው እየሞተ እኔ አፈርኩ።

11 ሰ.

የኑግ ዘይት ገዝቼ መጣሁ። ልሞላው ክዳኑን ከፈትኩ። ሌላ እብደት ሠርቼ ጭራሹን እገድለዋለሁ ብዬ ፈራሁ፤ መልሼ ዘጋሁት። ተስፋይ አልመጣም። ነገ በእግሬ።

ሐሙስ፣ ጥቅ. 20፣ 6 ሰ.፣ ዞብል ሥር

ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። በማሽላው መሀል በሚያቋርጠው፣ ሞተር በማያሳልፈው የእግር መንገድ። ደረስኩ። ሰዒዳ የለችም። መደቡ ባዶ ነው።

የሙሄ እናት ወ/ሮ ዘሐራ ውሃ ሰጡኝ። ያሉኝን እንዳለ ልጻፈው።

«ሐኪሙ ቃሉን አያጥፍም፣ ብረቱ ጥሎት መንገድ ላይ ቀርቶ ነው አለ ሙሄ። ዛሬ ሲነጋጋ በቃሬዛ ተሸክመዋት የሞተርህን ዘይት ጠብታ እየተከተሉ ወረዱ። ጠብታው ካበቃበት አናጣውም፣ ቢዘገይም እዚያው እንጠብቀዋለን አሉ፣ ልጄ።»

ጠብታው የሚያበቃው ጎሊና ዳር ነው፤ ቁርቁራው ሥር። ከዚያ እስከ ቆቦ አንዲት የለችም፤ ገፍቼ ነው የሄድኩት። ሰዒዳን አስተኝተው እዚያ ይጠብቁኛል። እኔ በአቋራጭ አልፌያቸዋለሁ። ኪኒኑ እኔ ጋ ነው።

ጎረቤት በቅሎ ሊጭንልኝ ሄዷል። እስኪመጣ ነው የምጽፈው፤ እጄ ሥራ ከፈታ አብዳለሁ።

ቆርጫለሁ። ቆቦ አልገባም፤ የሰኞን ጠብታ ይዤ ቀጥታ ወደ ቁርቁራው። ብትተርፍ ለሙሄ እነግረዋለሁ፦ ብረቱ አልጣለኝም፤ ረቡዕን ቀኑን ሙሉ እግር እያለኝ መንገድ ዳር ተቀምጬ ዋልኩ። ባትተርፍም እነግረዋለሁ።

በቅሎዋ መጣች