ያኮረፈው ቤት

ብራድሊ ወደብ፣ ግንቦት መጨረሻ

ውድ ዱልሲ፣

«ውድ» ያልኩሽ ደብዳቤ በሌላ ቃል ስለማይጀመር ነው፤ ከዚያ አልፈሽ እንዳትተረጉሚው። ደብዳቤሽ ባለፈው ሐሙስ ደርሶኛል። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በሁለት መስመር፣ «በሐምሌ በመርከብ እመጣለሁ፤ አልጋ አንጥፊልኝ፤ ናፍቀሽኛል» ብለሻል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የቀረ ነገር ይኖር ይሆን ብዬ ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን ሳይቀር አየሁ። ባዶ ነው። እንግዲህ አንቺ የዘለልሽውን እኔ ልጽፈው ተቀምጫለሁ።

ጋኔት ደሴት ላይ ቤቶቻችን ጎን ለጎን ነበሩ፤ ሁለቱም ፊታቸውን ለባሕሩ ሰጥተው። የምትገቢው በጓሮ በር ነበር። በጓሮ በር የማይገባ ማን አለ? እኛ ዘንድ የሚያንኳኳው ቄስ፣ ፖሊስና እንግዳ ብቻ ነው። የፊት በር ለቄሱና ለሬሳ ሳጥን ካልሆነ አይከፈትም፤ ደረጃ እንኳ አይሠራለትም። አንቺ ግን ከሁሉም ትብሺ ነበር። በሩን በክርንሽ ገፍተሽ፣ እርጥብ ቦት ጫማሽን ሳታወልቂ፣ «ምን ጣድሽ?» እያልሽ የድስቴን ክዳን ታነሺ ነበር። ትቀምሺና «ጨው አነሰው» ብለሽ ጨምረሽ ትሄጃለሽ። ባሌ አዛርያ «ይህች ሴት አንድ ቀን እኔንም ቀምሳ ጨው ትጨምርብኛለች» ይል ነበር። ሲሞት ገላውን ከእኔ ጋር ያጠብሽው አንቺ ነሽ። ሳጥኑ በፊት በሩ ሲወጣ ክንዴን ይዘሽ የቆምሽው አንቺ ነሽ። ይህን አልረሳሁም። ብረሳው ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ ያ የመንግሥት ወረቀት መጣ። ደሴቱን ልቀቁና ትልቁ ወደብ ግቡ፣ ትምህርት ቤት አለ፣ ሐኪም አለ፣ መብራት አለ ተባልን። ከአሥር ቤት ዘጠኙ ካልፈረመ ግን ለማንም የመዛወሪያ ገንዘብ የለም። ሃያ ቤት ነበርን። አሥራ ሰባቱ ፈረሙ። ሁለቱ ሽማግሌ ወንድማማቾች «ሬሳችን ይፈርም» ብለው በየቤታቸው በራቸውን ዘጉ። የቀረሁት እኔ ነበርኩ። አዛርያን አፈር ውስጥ ትቼ የት እሄዳለሁ አልኩ።

ያን ጸደይ አገሩ ሁሉ ፊቱን አጠቆረብኝ። ዓሣ ማድረቂያው ቆጥ ላይ ስወጣ የሴቶቹ ወሬ ቀጥ ይላል። አስተማሪዋ ለፋሲካ ሄዳ ስትቀር ጥፋቱ የእኔ ሆነ። የሱቁ ባለቤት ሻይ ቅጠል አልቋል ይለኛል፤ ጣሳው ከኋላው ተደርድሮ ይታየኛል። በጓሮ በሬ መግባት ያልተውሽው አንቺ ብቻ ነበርሽ። ለዚህ ነው ሌላ ሰው ቢነግረኝ የማላምነውን ነገር ካንቺ አፍ ያመንኩት።

ሰኔ ውስጥ ነው፤ ማክሰኞ፤ ሊጥ እያቦካሁ ነበር። ገባሽና ድስቱን ሳታዪ ተቀመጥሽ።

«ሰሊና፣ ስሚኝ እስቲ።»

«ጨው አድርጌበታለሁ» አልኩሽ። አልሳቅሽም።

«ቦታ አይቻለሁ። ብራድሊ ወደብ፣ ኮረብታው ሥር፣ ሁለት ቦታ። ያንቺ ታች፣ የኔ ከፍ ብሎ። መስኮት ለመስኮት እንተያያለን።»

«አዛርያንስ ለማን ልተወው?»

«ደሴቱ የት ይሄዳል ብለሽ ነው? በየነሐሴው በጀልባ አብረን እየመጣን መቃብሩን እናርማለን። እኔ አለሁልሽ አይደል እንዴ!»

«ማይልኝ።»

«ቤቴ ከቤትሽ ጎን ካልቆመ ቤት አይኑረኝ። በቃሽ?»

በቃኝ። ወረቀቱን ከጉያሽ አወጣሽ። ወሬ ልትጠይቅ የመጣች ሴት ወረቀት በጉያዋ ምን ይሠራል ብዬ ያኔ አልጠየቅኩም። ብዕሩን ስይዝ ዱቄት የነካው አውራ ጣቴ ከስሜ ጎን ታተመ። አንቺ እፍ ብለሽ ዱቄቱን አራገፍሽውና ወረቀቱን አጥፈሽ ወጣሽ።

በነሐሴ፣ ባሕሩ በሞላበት ቀን፣ አጎት ኦባድያ ቤቴን ከመሠረቱ አነሣው። የማንም አጎት አይደለም፤ የሁላችንም አጎት ነው፤ በአካባቢው ቤት መጎተት እንደ እሱ የሚያውቅ የለም። ባዶ በርሜሎች ከወለሉ ሥር ታሰሩ፣ ያ ስድብ ሲያዘንብብኝ የከረመ ወንድ ሁሉ ገመዱን ይዞ ሆ እያለ ጎተተልኝ። ቤቴ ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ እያየሁ ከኋላው በጀልባ ተከተልኩ። ሰው ሬሳ ይሸኛል፤ እኔ ቤቴን ሸኘሁ። አንቺ ባሕሩ ዳር ቆመሽ ሽርጥሽን እያውለበለብሽ «በሚቀጥለው ሳምንት!» ብለሽ ጮኽሽ። ያ ድምፅሽ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ደስ ብሎት የሚጮህ ሰው ድምፅ ነበር።

እዚህ ስንደርስ አጎት ኦባድያ «ፊቱን ወደ ባሕር ነው መቼም» አለኝ።

«አይደለም። ፊቱን ወደ ላይ፣ ወደ ዱልሲ ቦታ።» የወጥ ቤቴ መስኮት ከፊት በሩ ጎን መሆኑን ታውቂያለሽ።

«አንቺ ልጅ፣ ጤናም የለሽ? ቤት ለባሕር ጀርባውን ይሰጣል? ይቀየምሻል እኮ!»

«ይቀየም። መስኮት ለመስኮት ነው የተባባልነው።»

ኮፍያውን አወለቀ፣ ራሱን አከከ፣ መልሶ አጠለቀ። አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተና ሳል አደረገው። «እሺ፣ እንዳልሽ» ብሎ ወደ ገመዱ ሄደ። ሲኒዎቼን ፈትቼ አየሁ፤ አንድ እንኳ አልተሰበረም።

ሳምንቱ አለፈ፤ ሌላም ሳምንት። የመጨረሻዋ ጀልባ ስትመጣ ወደቡ ላይ ቆሜ ነበር፤ ዳቦ ጋግሬልሽ። ዶሮዋን ታቅፋ የወረደች ሴት ናት የነገረችኝ። «ዱልሲና ባሏ ጋርላንድ? ሰኞ በትልቁ መርከብ ወደ ቶሮንቶ ሄዱ እኮ! አልነገረችሽም?» ዳቦውን ለእሷ ሰጥቻት ተመለስኩ። ለገና ካርድሽ መጣ። «በመጨረሻው ሰዓት ለጋርላንድ ሥራ ተገኘለት፤ አትቀየሚኝ።» እኔም አልተቀየምኩም! ሥራ ነው፣ ምን ታድርግ አልኩ። ስምሽን በክፉ ያነሳውን ሁሉ አፉን አስያዝኩ።

ኑሮውንስ ለመድኩት። በመጀመሪያው ክረምት የወደቡ ሰዎች «ተንሳፋፊዎቹ» እያሉ ይጠሩን ነበር፤ ከጉድጓዱ ውሃ ስንቀዳም ባልዲያችንን ይቆጥሩ ነበር። ዓሣ ፋብሪካ ገባሁ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ፣ ጣቴ ደንዝዞ፣ የማላውቀው ሰው ያጠመደውን ዓሣ እበልታለሁ። ቤቴ የወደቡ ሁሉ መሳቂያ ሆነ። የጓሮ በሬ ወደ ባሕር ስለሆነ ሰው በገባ ቁጥር ንፋሱ ከሰውየው ቀድሞ ይገባል። ስሙን «ያኮረፈው ቤት» አሉት። አንድ ጊዜ ፖስታ እንኳ «ለሰሊና፣ ያኮረፈው ቤት» ተብሎ ደርሶኛል፤ ፖስተኛው ስቆ ሰጠኝ፣ እኔም ስቄ ተቀበልኩ። ሲኒ ባጠብኩ ቁጥር ግን በመስኮቴ የማየው ድንጋይና ቁጥቋጦ፣ ያንቺን ባዶ ቦታ ነበር። ድንች እንኳ አልተከልኩበትም። ለጠየቀኝ ሁሉ «ባለቤት አለው» እላለሁ።

በሦስተኛው ዓመት ፋሲካ ሰሞን እንቁላል ፈልጌ አጎት ኦባድያ ጓሮ ገባሁ። የዶሮ ቤቱን አየሁት። መስኮት አለው። አንዱ መስታወት ጥጉ ላይ ተሰንጥቆ በቅጥራን ተለጥፏል። ያን ቅጥራን ስትለጥፊ ጣሳውን የያዝኩልሽ እኔ ነኝ። የወጥ ቤትሽ መስኮት ነው፣ ዱልሲ። ከእኔ መስኮት ጋር ሊተያይ የነበረው። አንዲት ቀይ ዶሮ በእሱ አሻግራ ታየኝ ነበር።

«ይህን ከየት አመጣኸው?»

«ቤቷን ገዝቼ አፍርሼው ነዋ። ጣውላው መጋዘኔ ሆነ፤ መስኮቷ ደግሞ ለዶሮዎቹ።»

«መቼ ነው የገዛኸው?»

እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ቅርጫቴ ውስጥ አስቀመጠ። «መጋቢት ላይ» አለኝ በመጨረሻ።

«እኔ የፈረምኩት እኮ ሰኔ ነው።»

«አውቃለሁ። ሁላችንም እናውቅ ነበር፣ የኔ ልጅ። አሥራ ሰባት ቤት የአንቺን ጣት ይጠብቃል፤ ማን ደፍሮ ይንገርሽ? ቤትሽን በጀርባው ሳስቀምጠው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።»

«በሳል ዋጥከው እኮ» አልኩት።

«አዎ» አለኝ። «በሳል ዋጥኩት።»

አሁን የምጽፍልሽን ደግመሽ አንብቢው። የተናደድኩት በመሄድሽ አይደለም። ዓሣ ማጠብ መርሮሽ እንደነበር አውቃለሁ፤ የተሰነጣጠቀ እጅሽን ቅባት የቀባሁልሽ እኔ ነኝ። ያ ማክሰኞ ገብተሽ፣ «ሰሊና፣ እኔ ልሄድ ነው፤ ቤቴን ሸጫለሁ፤ አንቺ ካልፈረምሽ አልወጣም፤ እባክሽ ፈርሚልኝ» ብትዪኝ ኖሮ እፈርምልሽ ነበር። አልቅሼ፣ ተሳድቤ፣ ድስቱን ራስሽ ላይ ደፍቼ እፈርምልሽ ነበር። ልትለምኚኝ የማይገባውን ነገር ለምነሽኝ ቢሆን ኖሮ አሁን ተዛዝነን እንጻጻፍ ነበር። አንቺ ግን እኔን ከመለመን ማታለሉ ቀለለሽ። የሌለ ቤት መስኮት አሳየሽኝ። ከሰው ሁሉ በላይ አንቺ ቤቴን ታውቂው ነበርና በየት በኩል እንደሚገባ አልጠፋሽም።

ባለፈው ወር ኔታ የምትባል ልጅ መጣች። ከሌላ ደሴት የመጣች ሙሽራ ናት፤ ባሏ ክሌም ከእኔ ጋር ፋብሪካ ይሠራል። ድንች ስልጥ የጓሮ በሬ ብርግድ አለ። ንፋሱ ገባ፣ ከዚያ ቦት ጫማ፣ ከዚያ ልጅቱ።

«አክስቴ ሰሊና፣ ቤት ልንሠራ ነው፤ ያ የላይኛው ቦታ የማነው? ሁሉም አንቺን ጠይቂ ይለኛል። ውይ፣ ምን ይሸታል እንዲህ? ልየው?» አለችና መልሴን ሳትጠብቅ ክዳኑን አነሳች።

እጄ ላይ ቢላዋው ቆመ። ልጮኽባት ነበር። ቀመሰችና ዞር ብላ «ደህና ነው፤ ምንም አልጎደለውም» አለችኝ።

«የማንም አይደለም» አልኳት። ስድስት ዓመት ስጠብቀው የኖርኩትን ቦታ በሁለት ቃል ለቀቅኩት።

ቅዳሜ አጎት ኦባድያ ገመዱን ይዞ ይመጣል፤ ቤቴን ያዞረዋል። ሰማንያ ሊሞላው ነው፤ ግን እሱ ራሱ ነው ላዙረው ብሎ የለመነኝ። ከእንግዲህ ሲኒ ሳጥብ የማየው ባሕሩን ነው፤ ቀኑ ከጠራ ደሴቱም ይታያል ይለኛል። በነሐሴ የአዛርያን መቃብር የምናርመው እኔና እሱ ነን፤ ስድስት ዓመት እንደዚያ ነው። የጓሮ በሬ ደግሞ ወደ ኔታ ቦታ ይዞራል፤ እንደ ልቧ ትገባለች።

እንግዲህ ነይ። አልጋ አነጥፍልሻለሁ፤ እመጣለሁ ያለን ሰው መከልከል አልችልም፣ ይህንም ታውቂዋለሽ። ከመርከብ ስትወርጂ ፊት ለፊት የምታዪው የፊት በሬን ነው። አጎት ኦባድያን ሦስት ደረጃ እንዲሠራለት ጠይቄዋለሁ። «ምነው፣ ቄስ ልትጠሪ ነው?» አለኝ። «አይ፣ እንግዳ ይመጣብኛል» አልኩት።

በጓሮ እንዳትዞሪ። በደረጃው ውጪና አንኳኪ፤ እከፍትልሻለሁ።

ሰሊና