የማይገጥመው ቢላዋ

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18

ወንድሜን ሳምሶንን ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቀኝ እጁ አልታዘዝ ብሎታል። ድሮ «ቢራቢሮ» የሚባለውን ባለሁለት እጀታ ታጣፊ ቢላዋ በጣቶቹ እያሽከረከረ ይከፍት ስለነበር፣ እጁን ያፍታታበት ብዬ ስለት የሌለው ርካሽ መለማመጃ ኦርደር አድርጌለት ነበር። ዛሬ ፌርፋክስ ከተማ ሥራ ውዬ ቤት ስገባ ደርሶ አገኘሁት።

ሁለቱ እጀታዎች አይገጥሙም፤ መሀሉ ያለው ብረት ተጣሞ ይፋቃል። ብሎኑን ባላላው ይወዛወዛል፣ ባጠብቀው ጭራሽ አይንቀሳቀስም። ሳምሶን ተቀብሎኝ በቀኙ ሊከፍተው ሞከረ። ግማሽ ላይ ቆመ።

«እጅህ አይደለም፣ ቢላዋው ነው የተበላሸው» አልኩት።

«ኦኬ» አለኝ፣ ሳያምነኝ።

«እስቲ በግራህ ሞክረው።»

በጤነኛው እጁ ሲያየው ይገባዋል ብዬ ነበር። በግራውም ግማሽ ላይ ቆመ። ግራ እጁን እያገላበጠ ብዙ አየው።

«ሶ፣ ይሄኛውም እጄ ጀመረው ማለት ነው።»

ተቀብዬው ስሞክረው እኔም እጅ ላይ ቆመ። «አየህ?» ስለው ከግራ እጁ ላይ ቀና አላለም።