የአያ ዳኛው ማካሮቭ

ይድረስ ለእናቴ ልጅ ለሐረገወይን፣ ሐዋሳ። ጤናሽ እንደ ደንቢያ እህል ይትረፍረፍልሽ። እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብኝም። ጽሑፌ ቢጣመምብሽ እስክሪብቶው ነው።

የድሮ ዘማቾችን ሽጉጥ ማሰባሰቤን አልተውኩም። ዘይት ቀብቼ፣ የባለቤቱን ስም በጨርቅ ላይ ጽፌ አስቀምጣለሁ። የሰፈሩ ባለዲግሪዎች ቆራሌው ይሉኛል፤ ይበሉ። አሥራ አንድ ደርሰዋል፣ መጥቶ የሚያያቸው ጠፋ እንጂ ሸጋ ናቸው።

ባለፈው አያ ዳኛው ኦጋዴን የዘመተበትን ማካሮቭ ሊሰጠኝ ኮላ ድባ ቤቱ ጠራኝ። ከመቀመጫው ተነሥቶ በሁለት እጁ ዘረጋልኝ። እኔ በግራዬ ተቀበልኩት።

«ምነው ምንዳዬ፣ ደሜን ያፈሰስኩበትን በአንድ እጅ፣ ያውም በግራ?»

«ቀኜ ጋቢዬን ይዟል» አልኩት።

«ጋቢህማ መሬት ወድቋል» አለና ሽጉጡን ቀምቶኝ መልሶ ጠቀለለው።

ሦስት ዓመት የለመንኩት ሰው ነው። ሰው የማታከብር ሽማግሌ ብዬው ወጣሁ። ስሙን የጻፍኩበት ጨርቅ ባዶውን ተሰቅሏል።

ለፋሲካ ነይና አንቺ በሁለት እጅሽ ተቀበዪው፤ እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ። ሸሚዝ ካመጣሽልኝም ቁልፍ የሌለው ይሁን፤ በግራ ብቻ መቆለፍ አድካሚ ነው።

የተራራቀን የሚያቀርብ አምላክ በር ላይ ያገናኘን።

ወንድምሽ ምንዳዬ፣ ከጎንደር