የአማቴን ጓሮ ካርታ ላይ ላወጣልኝ ቢሮ

ይድረስ ለተከበሩ የገበያ ማዕከላችን ዋና አስተዳዳሪ፤

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤንነትዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ የቢሮዎም ጣሪያ ከእኛ መደብሮች ጣሪያ በተለየ ሁኔታ ውኃ የማያስገባ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ በማዕከሉ ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር፣ አሮጌ መስታወቶችን አሳድሼ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። ደብዳቤዬን በግልጽ ያወጣሁት መሥሪያ ቤትዎ የሰው የግል ነገር እጁ ሲገባ ምን እንደሚያደርገው ስላየሁ ነው፤ መውጣቱ ካልቀረ እኔው ላውጣው ብዬ ነው። የምጽፈውን የገለበጥኩት በየቀኑ ከምይዘው ማስታወሻ ነው፤ የተናደድኩባቸውን ገጾች አልፌያቸዋለሁ።

ከቅሬታዬ በፊት ምስጋናዬ ይቅደም። የሁላችንም ሸቀጥ ፎቶ በኢንተርኔት ገጽዎ ላይ እንዲወጣ ማዘዝዎ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም መስታወት ፎቶ ማንሳት ብርድ ልብስ እንደማንሳት አይደለም፤ ሻጩም አብሮ ይነሳል። ስለዚህ አንዴ ጎንበስ ብዬ፣ አንዴ ከጎን ተለጥፌ፣ በመጨረሻም የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቆሜ፣ ጆሮዬ እንኳ እንዳይታይ አድርጌ አነሳሁት። ያነሳሁት በአማቴ ጓሮ ነው። አማቴ የአናጺ ሚስት የነበሩ፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ መጋዙን የወረሱ ሴት ናቸው፤ አሮጌ መስታወቶቹን ከሰፈሩ ገዝተው ክፈፋቸውን የሚያድሱልኝ እርሳቸው ናቸው። ይህን ለአንድም ሰው ተናግሬ አላውቅም፤ እንጀራዬ ያለው እዚያ ጓሮ ውስጥ ነውና።

ስልክ ፎቶ ሲያነሳ ለዓይን የማይታይ ነገር አብሮ እንደሚመዘግብ አውቃለሁ፦ የተነሳበትን ቦታ፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የስልኩን ዓይነት ጭምር። ስለዚህ ከመላኬ በፊት የፎቶውን ዝርዝር መረጃ ከፍቼ ያን ሁሉ አጠፋሁና ንጹሕ ፎቶ ላክሁላችሁ። ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

1. ፎቶዬ ንጹሕ በመሆኑ ተመለሰብኝ። የመዝገብ ክፍል ኃላፊዋ አስጠርተውኝ፣ "ጋሼ፣ ይሄ ፎቶ እኮ ባዶ ነው" አሉኝ። "ኧረ እህቴ፣ መስታወት አለበት" ብላቸው፣ "መስታወቱማ ይታየኛል። የት እንደተነሳ የለም፣ መቼ እንደተነሳ የለም። መመሪያው እንዲህ ያለውን የተጭበረበረ ነው የሚለው። ዋናውን ሳይነኩ ያምጡ፤ አለበለዚያ ፈቃድዎ አይታደስም" አሉኝ። ማን እንደሚያየው ብጠይቅ ሳቁብኝ። "ከእኛ በቀር ማን ያየዋል? እኛ ጋ የገባ ነገር መቃብር ገባ ማለት ነው!" አመንኳቸውና ዋናውን ሰጠሁ፤ ስለ ጣሪያው ያስገባሁት ማመልከቻ በእርግጥም እዚያው ተቀብሯልና።

2. በማግስቱ ዋናው ፎቶ ከነሆድ ዕቃው ገጻችሁ ላይ ወጣ። ባለሙያዎችዎ ደንበኛ እንዳይቸገር በማሰብ የተነሳበትን ቦታ ከሥሩ በካርታ አስቀምጠውለታል። ካርታው ሥራውን ያውቃል፤ ቀዩ ነጥብ ያረፈው አማቴ ልብስ በሚያሰጡበት ገመድ ላይ ነው። በመጀመሪያ የመጡት ሊጋቡ የተቃረቡ ሁለት ወጣቶች ሲሆኑ፣ ስልካቸውን እያዩ በአጥሩ ክፍተት ገብተው፣ ሙሽሪት በእርጥብ አንሶላ መካከል ብቅ ብላ፣ "እናቴ፣ መስታወቱ በየት በኩል ነው?" ብላለች። አማቴም፣ "አንቺ ደግሞ ከየት በቀልሽ?" ብለዋታል። ከእነርሱ ቀጥሎ ፀጉር አስተካካዩ መጣ፣ ከዚያም ከመደብሬ ፊት ለፊት መስታወት የሚሸጠው፣ እኛ ሳቂታው የምንለው ባላንጣዬ። ይህ ሰው ዕቃዬ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ስንት ጊዜ ተከትሎኝ ስንት ጊዜ እንዳሳሳትኩት እኔ ነኝ የማውቀው። እናንተ በአንድ ጠዋት ድካሙን ሁሉ አቀለላችሁለት።

3. ፎቶው በሥራ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ መነሳቱ ስለታወቀ፣ የቁጥጥር ክፍላችሁ በሥራ ሰዓት መደብር ዘግተሃል የሚል ማስጠንቀቂያ ልኮልኛል። የዘጋሁት እናንተ ያዘዛችሁትን ፎቶ ለማንሳት መሆኑን ባስረዳ፣ ማስረጃ አምጣ ተባልኩ። ማስረጃው ያው ፎቶ ነው። አቀረብኩት፤ ጥፋቴን ለማረጋገጥ ተያዘ።

4. ፎቶው የስልኬን ዓይነትም ስለተናገረ፣ ስልክ ሻጩ ጎረቤቴ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ መጥቶ፣ "ወንድሜ፣ እስካሁን ይሄን ይዘህ ነው? ለምን አትነግረንም?" ብሎኛል።

5. ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። ሳቂታው ለአማቴ መስታወቶቹን በስንት እንደምሸጥ ነገራቸው። በዚያው ቀን አስጠርተውኝ፣ "ልጄ፣ እስቲ ቁጭ በል" አሉኝ። ቁጭ አልኩ። መጋዙን በጨርቅ እየወለወሉ ስከፍላቸው የኖርኩትን በጣታቸው ቆጠሩልኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከገመዱ ሥር ወንበር አውጥተው ራሳቸው ይሸጣሉ። እኔም ዕቃ ስፈልግ ከፀጉር አስተካካዩ ኋላ ተሰልፌ እገዛለሁ። ለአማችነቴ ቅናሽ ብጠይቅ፣ "ለአማች ሲሆንማ ይጨምራል" አሉኝ። ሚስቴ በጉዳዩ ገለልተኛ ናት፤ ገለልተኛነቷን የምታሳየው ለእናቷ ሒሳብ በመያዝ ነው።

ክቡር ሆይ፣ በእኔ መሳቅ ይቻላል፤ እኔም አንዳንዴ እስቃለሁ። ነገር ግን የሕፃናት ልብስ የምትሸጠው ጎረቤቴ ሸቀጧን የምታነሳው ልጆቿ በሚተኙበት ክፍል ነው፤ የእርሷም ፎቶ ከነካርታው ገጻችሁ ላይ አለ። አማቴ ጓሮ የገባው ደንበኛ ነው። እርሷ ቤት ማን እንደሚገባ እናንተም እኔም አናውቅም። ስለዚህ ፎቶዎቹን ሁሉ ዛሬውኑ አውርዳችሁ፣ የተደበቀውን መረጃ አጥፍታችሁ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ እንድትመልሷቸው እለምናለሁ። ፎቶውን መክፈት፣ ዝርዝሩን መንካት፣ ቦታውን ማጥፋት ነው፤ ለወደፊቱ ደግሞ ካሜራው ቦታ እንዳይመዘግብ ከስልኩ ቅንብር መዝጋት ነው። ኮሚቴ አያስፈልገውም፤ ካስፈለገም ሻዩን እኔ እችላለሁ።

ለሰጣችሁኝ ሰፊ ዝና፣ ለባላንጣዬ ላሳያችሁት ርኅራኄ፣ አማቴንም በዚህ ዕድሜያቸው ለነጋዴነት ላበቃችሁበት ትጋት ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እያመሰገንኩ፣

ከደረጃው ሥር፣ ባዶ ግድግዳውን እየወለወልኩ የምገኘው አክባሪዎ፣
መስታወት ሻጩ (በአሁኑ ጊዜ መስታወት ገዢው)

ድኅረ ጽሑፍ፦ "ቅዳሜም ከሥራ ገበታችን አንለይም" በሚል ርእስ በዚሁ ገጽ ላይ የወጣውን የእርስዎን ፎቶ አይቼዋለሁ። ሆዱ ውስጥ ያለው ቦታ ቢሮዎ ሳይሆን መኖሪያ ቤትዎ ስለሆነ፣ እንደ እኔ እንዳይቸገሩ በማሰብ መረጃውን አጥፍቼ ንጹሑን ፎቶ ከዚህ ጋር በነፃ ልኬልዎታለሁ። ብቻ ከማጥፋቴ በፊት አማቴ አይተውታል። ስለ ንግድ ፈቃዳቸው ሊያነጋግሩዎ በተደጋጋሚ ቢሮ መጥተው "ስብሰባ ላይ ናቸው" ስለተባሉ፣ አሁን ወደ እርስዎ ቤት መንገድ ላይ ናቸው።