ችግኝ ጣቢያውን አልሸጥም

የኔ ልጅ፣ የያዝከው ሁሉ ይለምልምልህ። እኛ ደህና ነን፤ የሚያፈሰው ጣሪያም ተጠገነ።

አምና የሩዝ ችግኛችን ዘግይቶ ከእኛ የሚገዛው ገበሬ ስላኮረፈ፣ አጎትህ «ጣቢያውን ሽጪውና ዕረፊ» ብሎ ገዢ አመጣብኝ። «ዕረፍቱን ለራስህ!» ብዬ መለስኳቸው።

እህትህ የጣቢያውን ሥራ በኮምፒውተር ላይ እንደ ጨዋታ አስመስላ ሠርታ ስታየው፣ ጊዜያችንን የሚበላው አፈር የተሞላ ትሪ ተሸክሞ ከመዝሪያው እስከ ችግኝ ቤቱ መመላለሱ ሆኖ ተገኘ። ትሪው ላይ ዘር የሚዘራውን ማሽን ወደ ችግኝ ቤቱ በር ብናስጠጋውስ ብላ መጀመሪያ እዚያው ስክሪኑ ላይ ሞከረችው፤ ከዚያ ተጋግዘን ገፋነው። አጎትህ «በጨዋታ ችግኝ ሊበቅል!» ብሎ ሳቀብን።

ዘንድሮ ችግኙ በወቅቱ ደረሰ። አጎትህም መጥቶ «ለእኔስ ማሳ የሚሆን ችግኝ ይተርፋል?» አለኝ። «ተሰለፍ!» አልኩት።

አንተም ሽጪ የምትለውን ነገር ተወው። ስትመጣ ግን ጭቃ የማይፈራ ጫማ ያዝ፤ እንግዳ አድርጌ አላስቀምጥህም። እስክንተያይ ክፉ አይንካህ።

እናትህ